ያረጀውን ላፕቶፕ ለመለወጥ ምን ማወቅ ያስፈልጋል?

በሬ ሲያረጅ ገበሬው ያውቀዋል። እርምጃው ያጥራል። ቀንበር ሲጫንበት ይተኛል። በግማሽ ቀን ያልቅ የነበረው እርሻ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ያን ጊዜ ገበሬው ከራሱ ጋር ይመክራል። «ልሽጠው? ላደልበው? ወይስ አንድ ክረምት ልታገሠው?» ይላል። ገበያ ሲወጣም ያገኘውን በሬ ሁሉ አይገዛም። ጥርሱን ያያል። ጫንቃውን ይዳብሳል። ሰኮናውን ይመለከታል። አስሄዶም ይፈትነዋል።

የላፕቶፕም ነገር ከዚህ አይለይም። ዛሬ በአንዳንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጽሕፈት ቤት ላፕቶፕ ይገኛል። የአባላት ስም፣ የዕጣ ብዛት፣ የቁጠባ ሂሳብ፣ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ዕዳ በእሱ ይመዘገባል። መሣሪያው ሲያረጅ ሥራ ይጓተታል። ድንገት ከተበላሸ ደግሞ መዝገቡ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ያለ ምክር ሌላ ከተገዛም የሚባክነው የአባላቱ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ለጸሐፊው ብቻ የሚተው አይደለም። እያንዳንዱ አባል ሊጠይቅና ሊያውቅ ይገባዋል።

በዚህ ጽሑፍ አራት ነገሮችን እንመለከታለን። እነሱም ላፕቶፕ ምን ምን ክፍሎች እንዳሉት፣ ሲያረጅ ምን እንደሚያመው፣ መቼ እንደሚጠገንና መቼ እንደሚለወጥ፣ በመጨረሻም አዲሱ እንዴት እንደሚመረጥ ናቸው።

1. የላፕቶፕ ክፍሎች

ላፕቶፕ የሚለው ቃል ከእንግሊዝኛ የመጣ ነው። ጭን ላይ የሚቀመጥ ማለት ነው። እንደ መጽሐፍ ታጥፎ የሚዘጋ፣ በእጅ ተይዞ የሚሄድ ኮምፒዩተር ነው። ከውጭ የሚታዩት ጽሑፍ የሚነበብበት ስክሪንና ፊደል የሚመታበት ኪቦርድ ናቸው። ዋናዎቹ ክፍሎች ግን ከውስጥ ናቸው። አራቱን እንወቅ።

ሀ. ፕሮሰሰር። ይህ የሚያሰላው ክፍል ነው። ከሰው ጋር ብናመሳስለው አእምሮ ልንለው እንችላለን።

ለ. ራም። ይህ እንደ ሥራ ጠረጴዛ ነው። ጸሐፊ ሲሠራ መዝገቦቹን ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። ጠረጴዛው ጠባብ ከሆነ አንዱን እያነሳ ሌላውን ሲያስቀምጥ ይውላል። ራም ሲያንስም ላፕቶፑ እንዲሁ ይሆናል። ላፕቶፑ ሲጠፋ በራም ላይ ያለው ሁሉ ይነሳል።

ሐ. ማስቀመጫ። ይህ እንደ ጎተራ ነው። በእሱ ውስጥ የገባ ጽሑፍ መብራት ቢጠፋም አይጠፋም። ማስቀመጫ ሁለት ዓይነት ነው። የቀድሞው ሃርድ ዲስክ ይባላል። በውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው። በብዙ ላፕቶፖች ይህ ሳህን በአንድ ደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል። ላፕቶፑ እየሠራ ሳለ ከወደቀ ሳህኑ ሊጎዳ ይችላል። አዲሱ ዓይነት ኤስ ኤስ ዲ ይባላል። የሚሽከረከር ነገር የለውም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ይልቅ ፈጣን ነው፤ ንቅናቄንም ይችላል።

መ. ባትሪ። ይህ ስንቅ ነው። መብራት በሌለበት ጊዜ ላፕቶፑ የሚሠራው በእሱ ነው።

እህል በኩንታል እንደሚለካ ሁሉ ራምም ማስቀመጫም የሚለኩት ጊጋባይት በሚባል መለኪያ ነው። በአጭሩ ጊጋ ይሉታል። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ነጋዴው «256 ጊጋ ነው» ቢል ጎተራውን ነው ወይስ ጠረጴዛውን? ጎተራው ሰፊ ሆኖ ጠረጴዛው ጠባብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም ለየብቻ መጠየቅ ይገባል።

2. ላፕቶፕ ሲያረጅ ምን ያመዋል?

የታመመ ሁሉ አይሞትም። ያረጀ ላፕቶፕም ሁሉ አይጣልም። በመጀመሪያ በሽታውን መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ምልክት መዘግየት ነው። ጠዋት ተከፍቶ ለሥራ እስኪዘጋጅ ቡና ተፈልቶ ይደርሳል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የራም ማነስ ወይም ሃርድ ዲስኩ ነው። በብዙ ላፕቶፖች ሁለቱም ሊለወጡ ይችላሉ። ሃርድ ዲስኩ ወጥቶ ኤስ ኤስ ዲ ሲገባበት ያረጀው ላፕቶፕ በግልጽ ይፈጥናል። በአንዳንዶቹ ግን ራሙ ከዋናው ሰሌዳ ጋር የተበየደ ስለሆነ አይለወጥም። ይህን ባለሙያው ከፍቶ ሊነግረን ይችላል።

ሁለተኛው ምልክት የባትሪ መድከም ነው። የላፕቶፕ ባትሪ ሊቲየም ከሚባል ማዕድን ይሠራል። ይህ ዓይነት ባትሪ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ባትሪው በተሞላና ባለቀ ቁጥር አቅሙ ጥቂት በጥቂት ይቀንሳል። ሙቀትም ይጎዳዋል። ለምሳሌ አንድ ባትሪ አዲስ ሳለ 50 ዋት ሰዓት ይይዛል እንበል። ላፕቶፑ በሰዓት 10 ዋት ሰዓት የሚበላ ከሆነ 5 ሰዓት ያሠራል። አቅሙ ወደ 20 ከወረደ ግን የሚያሠራው 2 ሰዓት ብቻ ነው። ይህ የባትሪው እርጅና እንጂ የላፕቶፑ ሞት አይደለም። ባትሪ ለብቻው ይለወጣል።

ነገር ግን ባትሪው አብጦ የላፕቶፑን ሆድ ከገፋው አደጋ አለ። እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ወዲያው ማጥፋት፣ ከኤሌክትሪክ መንቀልና ለባለሙያ መስጠት ያስፈልጋል። መውጋት፣ መጫን ወይም እሳት ውስጥ መጣል ፈጽሞ ክልክል ነው።

ሦስተኛው ምልክት መሞቅ ነው። በላፕቶፑ ውስጥ ትንሽ ማራገቢያ አለ። አቧራ ሲሞላበት ነፋስ አያስገባም። ያን ጊዜ ላፕቶፑ ይግላል፤ ይንጫጫል፤ አንዳንዴም በራሱ ይጠፋል። ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ ባለሙያ ከፍቶ እንዲያጸዳው ማድረግ ነው።

አራተኛው ምልክት በዓይን አይታይም። ላፕቶፕ የሚሠራው ማሠሪያ በሚሆነው ፕሮግራም ነው። ብዙዎቹ ዊንዶውስ በሚባለው ይሠራሉ። ሌቦችና ቫይረስ እንዳይገቡ ኩባንያው በየጊዜው ማደሻ ይልካል። አጥር እንደ መጠገን ማለት ነው። ዊንዶውስ 10 የሚባለው በ2007 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ወጣ። ማይክሮሶፍት ኩባንያ መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቆመ። ላፕቶፑ በዚያ ቀን መሥራቱን አላቆመም። አጥሩን የሚጠግን ግን ቀረ። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በሁሉም አሮጌ ላፕቶፕ ላይ አይጫንም።

3. ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

እንግዲህ በሽታው ከታወቀ ፍርዱ ቀላል ይሆናል። ራም ካነሰ፣ ዲስክ ካረጀ፣ ባትሪ ከደከመ ወይም አቧራ ከሞላ በመጀመሪያ ስለ ጥገና እንጠይቅ። ዋጋውም ከአንድ ሳይሆን ከሁለት ባለሙያ ይጠየቅ።

ዋናው ሰሌዳ ከተቃጠለ፣ መለዋወጫው ከገበያ ከጠፋ፣ ወይም የጥገናው ሂሳብ ተጠራቅሞ የአዲሱን ግማሽ ከደረሰ መለወጡ ይሻላል። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11ን የማይቀበል ከሆነም ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው መለወጥ ነው። ሁለተኛው ሊነክስ የሚባለውን ማሠሪያ መጫን ነው። ሊነክስ በነፃ ይገኛል፤ ከአሮጌ ላፕቶፕ ጋርም የሚስማማ ዓይነት አለው። ሆኖም ጸሐፊው አዲሱን አሠራር መልመድ አለበት። የሂሳብ ፕሮግራሙም በሊነክስ ላይ መሥራቱ አስቀድሞ መታየት አለበት።

4. ከሁሉ በፊት መዝገቡ ይገልበጥ

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። በላፕቶፕ ውስጥ ያለ ግን የሚወረሰው ቅጂ ካለው ብቻ ነው። ላፕቶፕ በገንዘብ ይተካል። የአሥር ዓመት የቁጠባ መዝገብ ግን ከጠፋ በገንዘብ አይተካም። «እኔ 2,000 ብር አስቀምጫለሁ»፣ «የለም፣ 1,000 ነው» የሚል ክርክር ይነሳል። ጎረቤት ከጎረቤት ይጣላል።

ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ጥገናም ሆነ ግዢ ከመጀመሩ በፊት መዝገቡ ሁሉ መገልበጥ አለበት። ጥሩ ደንብ የሚከተለው ነው። መዝገቡ በሦስት ቦታ ይኑር። ከሦስቱ አንዱ በላፕቶፑ ውስጥ ይሁን። ሁለተኛው በፍላሽ ወይም በውጭ ዲስክ ይሁን። ሦስተኛው ከጽሕፈት ቤቱ ውጭ በሌላ ቤት ይቀመጥ። አንዱ ቤት ቢቃጠል ወይም ቢዘረፍ ሌላው ይተርፋል።

ስለ አማርኛ ጽሑፍም አንድ ነገር እንጨምር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደሚባለው የዓለም የፊደል ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተጻፉና በኋላም ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ በመሳሰሉት የቀድሞ ፊደላት የተጻፉ መዝገቦች አሉ። እነዚህ ያ የፊደል ዓይነት በሌለበት ላፕቶፕ ሲከፈቱ የማይነበብ ምልክት ሆነው ይታያሉ። «መዝገባችን ተበላሸ» ብሎ መደንገጥ አይገባም። ያው ፊደል ሲጫን ጽሑፉ ይመለሳል። አሮጌው ላፕቶፕ ከመሰጠቱ በፊት ግን መዝገቦቹ በአዲሱ ተከፍተው መነበባቸው ይረጋገጥ።

5. አዲሱ እንዴት ይመረጣል?

ለእርሻ የሚሆን በሬና ለእርድ የሚሆን በሬ አንድ አይደለም። በቅድሚያ «ላፕቶፑ ምን ይሠራልናል?» ብለን እንጠይቅ። ማኅበሩ ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ሂሳብ የሚይዝና ኢሜይል የሚልክ ከሆነ በጣም ውድ የሆነው አያስፈልገውም። ውድ የሆነው ለፊልም ሥራ ወይም ለከባድ ጨዋታ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ስለሆነ ብቻ መግዛትም አይገባም።

ለእንዲህ ያለ የጽሕፈት ቤት ሥራ የሚከተለውን ልብ እንበል።

ራም፦ ዊንዶውስ 11 ለመጫን ቢያንስ 4 ጊጋ ይጠይቃል። ይህ ግን ለመነሳት ያህል ነው። ሳይጓተት ለመሥራት 8 ጊጋ ይሻላል። ለብዙ ዓመት ይቆየን ከተባለ 16 ጥሩ ነው።

ማስቀመጫ፦ ኤስ ኤስ ዲ ይሁን። 256 ጊጋ ለጽሑፍና ለሂሳብ ይበቃል።

ፕሮሰሰር፦ ኢንቴል የሚባለው ኩባንያ ፕሮሰሰሩን በቁጥር ይሰይማል። ቁጥሩን ማንበብ ከቻልን እንደ በሬ ጥርስ ዕድሜውን ይነግረናል። ለምሳሌ «አይ5-3320» ከሆነ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 3 ነው። ሦስተኛ ትውልድ ማለት ነው፤ አርጅቷል። «አይ5-8250» ከሆነ ስምንተኛ ትውልድ ነው። ቁጥሩ በ1 ከጀመረ ሁለቱን አሃዞች አብረን እናነባለን። «አይ5-1135» አስራ አንደኛ ትውልድ ነው። ዊንዶውስ 11 በአብዛኛው የሚቀበለው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ነው። ስለዚህ «አይ5 ነው» መባሉ ብቻ አይበቃም። ከሰረዙ በኋላ ያለው ይነበብ። ሌሎች ኩባንያዎችና አዳዲሶቹ የኢንቴል ዓይነቶች ሌላ አሰያየም ስላላቸው ባለሙያ ይጠየቅ።

ስክሪን፦ የሚለካው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በኢንች ነው። 1 ኢንች 2.54 ሳንቲ ሜትር ነው። 14 ኢንች ለመያዝ ይቀላል። 15.6 ኢንች ደግሞ ለዓይን ይሰፋል፤ ብዙዎቹም በስተቀኝ ለብቻው የቁጥር መምቻ አላቸው። ይህ ለሂሳብ ሠራተኛ ይጠቅማል።

ቻርጀር፦ በአገራችን ያለው የኤሌክትሪክ ኃይል 220 ቮልት ነው። በቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ከተጻፈ ይስማማል።

6. ዋጋን በዓመት ማካፈል

ርካሽ የሚመስል ሁሉ ርካሽ አይደለም። እስቲ በቁጥር እንየው። አንዱ ላፕቶፕ 30,000 ብር ተሽጦ 2 ዓመት አገለገለ እንበል። 30,000 ለ2 ሲካፈል በዓመት 15,000 ብር ይሆናል። ሌላው 45,000 ብር ተሽጦ 5 ዓመት አገለገለ እንበል። 45,000 ለ5 ሲካፈል በዓመት 9,000 ብር ይሆናል። ስለዚህ በመግዣው ውድ የነበረው በአገልግሎቱ ረከሰ። እነዚህ ቁጥሮች ለምሳሌ ያህል ናቸው። ሂሳቡ ግን በማንኛውም ገበያ ይሠራል።

ያገለገለ ላፕቶፕ መግዛትም ነውር አይደለም። ለመሥሪያ ቤት ተብሎ በጥንካሬ የተሠራ፣ ጥቂት ዓመት ያገለገለ ላፕቶፕ ደካማ ከሆነ አዲስ ሊበልጥ ይችላል። ነገር ግን በደንብ መፈተን አለበት። አንድ ምሳሌ እንመልከት። አንድ አዛውንት የኮሚቴ አባል ከአንድ ወጣት ነጋዴ ጋር ይነጋገራሉ።

«አባባ፣ ይህቺን ይውሰዱ። እንደ አዲስ ናት። 256 ጊጋ ናት።»

«ተባረክ ልጄ። 256ቱ የማስቀመጫው ነው ወይስ የራሙ?»

«የማስቀመጫው ነው አባባ።»

«ራሙስ ስንት ነው?»

«አራት ነው።»

«አራት አይበቃንም። 8 ያላት ካለች አምጣልን። ደግሞ ሽቦዋን ንቀልና በባትሪዋ ትሥራ እስቲ። እኔ ቁጭ ብዬ አያታለሁ።»

ነጋዴው ሳቀና «አባባ፣ በሬ የሚገዙ እኮ ነው የሚመስሉት» አላቸው።

«ምን ለየው ልጄ? በሬውም እሷም የሚገዙት በላብ ነው።»

እኚህ አባት ትክክል ናቸው። ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት የሚከተሉት ይፈተኑ፦

ሀ. ላፕቶፑ ጠፍቶ እንደገና ይከፈት። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ይታይ። ሲከፈት የማይታወቅ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ከሆነ አይገዛ።

ለ. ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይሥራ። ባትሪው ስንት እንደቀነሰ ይታይ። ሆዱም ያበጠ እንዳይሆን ይዳሰስ።

ሐ. የኪቦርዱ ፊደሎች አንድ በአንድ ይመቱ። የማይጽፍ ፊደል እንዳለ ያን ጊዜ ይታወቃል።

መ. ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ይታይ። ጥቁር ነጥብ ወይም መስመር ካለበት ይገለጣል። ማጠፊያውም ይከፈትና ይዘጋ።

ሠ. ፍላሽ በየቀዳዳው ይሰካ። የማኅበሩ የሂሳብ መዝገብ ቅጂ ተከፍቶ ይታይ።

ረ. ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት ይጠየቅ። ከላፕቶፑ ሥር የተጻፈው መለያ ቁጥርና በደረሰኙ ላይ ያለው አንድ መሆኑ ይነበብ። ማንበብ መቻል ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። አንብቦ የፈረመን ሰው በቀላሉ ማታለል አይቻልም።

7. ከግዢ በኋላ

ግዢው በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ። ዋጋው፣ ቀኑና የመሣሪያው መለያ ቁጥር ይጻፍ። ላፕቶፑ ብርድ ልብስ ወይም አልጋ ላይ አይቀመጥ፤ የነፋስ መግቢያው ይታፈናል። ከአቧራ፣ ከፀሐይና ከውኃ ይራቅ። የኤሌክትሪክ ኃይል ከፍ ዝቅ በሚልበት ቦታ መከላከያ መሣሪያ በመካከል ይደረግ።

አሮጌውስ? ለልጆች መማሪያ ሊሆን ይችላል። ለመለዋወጫም ሊሸጥ ይችላል። ግን የአባላት ምስጢር በውስጡ ነው። ጽሑፍን መሰረዝ ብቻ በቂ አይደለም። የተሰረዘ ጽሑፍ በባለሙያ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ዲስኩ በባለሙያ ሙሉ በሙሉ ይጥፋ፤ ወይም ወጥቶ ማኅበሩ ዘንድ ይቀመጥ።

እስካሁን ያየነውን ባጭሩ እናስታውስ። በሽታውን ሳናውቅ አንለውጥ። መዝገቡን ሳንገለብጥ አንንካ። ሥራችንን ሳንለይ አንምረጥ። ሳንፈትን አንክፈል። እነዚህን አራቱን የያዘ ማኅበር የአባላቱን ገንዘብና መዝገብ ይጠብቃል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በራምና በማስቀመጫ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

2. አንድ ላፕቶፕ ቢዘገይ ወዲያውኑ መለወጥ አለበት? ለምን?

3. በእናንተ ማኅበር መዝገቡ በስንት ቦታ ይገኛል? አንዱ ቢጠፋ ሌላው የት አለ?

4. አንድ ላፕቶፕ በ36,000 ብር ተገዝቶ 4 ዓመት ቢያገለግል በዓመት ስንት ብር ይደርስበታል?